የማሩክላ ጣሪያ

ሴቫስቲ የፍየል ወጡን ድስት በጨርቅ ይዛ ከወንዶቹ ገበታ ራስጌ ስትደርስ አንቲሞስ ዜማውን ጀመረ።

የፍልሰታ ጾም የተፈታ ዕለት ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወንዶቹ ረጅሙን ገበታ ከበው፣ መሰንቆው ሲገዘግዝ፣ በየተራ ሁለት ሁለት ስንኝ ያወርዳሉ። በዚያ የደሴት መንደር ፊት ለፊት የማይነገር ነገር የሚነገረው በዚህ ነው፤ ቂምም፣ ሐዘንም፣ ፍቅርም። ልጃገረዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ጭፈራው እስኪጀመር ይጠብቃሉ። ከሁሉም ፊት የቆመችው የሴቫስቲ ታላቅ እህት ማሩክላ ናት። ከአንገቷ እስከ እምብርቷ የወርቅ ሳንቲም ተደርድሮባታል። በተነፈሰች ቁጥር ያቃጭላል።

አንቲሞስ ጫማ ሰፊ ነው። ቀጭን፣ ወንበር ላይ አጎንብሶ ከመዋል ብዛት ጀርባው የጎበጠ ጎልማሳ። ሲዘፍን ወደ ልጃገረዶቹ ዞር አላለም።

«ወርቁ ሲያቃጭል ጊዜ አገር ዞሮ አየ፤
የኔ ዓይን ድስት ከያዘችው ጋር እዚያው ቆየ።»

ድስት የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ሽማግሌው ኮስታንዲስ ብርጭቆውን አንሥቶ በዚያው ዜማ መለሰለት፦

«ጫማ ሰፊው ልጄ፣ ዓይንህን መርፌ ወጋው ወይ?
በሩ ተከፍቶ ሳለ በመስኮት ይገባል ወይ?»

ሳቁ ደገመ። የሴቫስቲ አባት ሚናስ ግን አልሳቀም። «ወጡ እየቀዘቀዘ ነው፤ አሳልፊ እንጂ» አላት። ሴቫስቲ አሳለፈች። ትኩሱ መረቅ አውራ ጣቷን ልጦት ነበር፤ መላጡን ያወቀችው ሳህን ስታጥብ ነው።

በዚያ ተራራ ቤት የሴት ነው። እናት ቤቱንም፣ ማሳውንም፣ ወይራውንም፣ ወርቁንም ለመጀመሪያ ሴት ልጇ ትሰጣለች። ይህችን ልጅ ካናካራ ይሏታል። የአባት የሆነው ደግሞ ለመጀመሪያው ወንድ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲያ የተወለደ ወይ ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፣ ወይ እዚያው ሆኖ ለታላቁ ይሠራል። ክፉ ልማድ ነው የሚል ሰው አልነበረም። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ተቆራርሶ ቢከፋፈል ማንንም አያጠግብም። እናም አንዷ ትጠግባለች፣ ሌሎቹ ይረዷታል። ሰዉ ነገሩን የሚያየው እንደ ነፋስና እንደ ዳገት ነበር።

ሴቫስቲና ማሩክላ የሚበላለጡት በዓመት ከመንፈቅ ነው። ማሩክላ ከፍ ባለው የእንጨት መደብ ላይ፣ ጥልፍ አልጋ ልብስ ለብሳ ትተኛለች። ሴቫስቲ የምትተኛው ከኋላ ባለችው ክፍል፣ ከአክስቷ ከካሊሮኢ ጋር ነው። ካሊሮኢ የእናታቸው የሪጎፑላ ታናሽ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የእህቷን ፍየሎች ስታግድ ኖራ ዳሌዋ ሲደክም ቤት ቀረች።

ሴቫስቲን ማንም መትቷት አያውቅም። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የእህቷን ወርቅ አጥልቃ በረንዳ ላይ ስትንጎራደድ እናቷ አገኘቻት። አልተቆጣቻትም። ስቃ አወለቀችላትና «ይከብድሻል እናቴ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ሴቫስቲ ያንን ወርቅ በበዓል ዋዜማ እየወለወለች ለእህቷ ስታጠልቅላት ሁልጊዜ ይከብዳት ነበር። ሌላ ሰው እንዴት እንደሚሸከመው ይገርማታል።

ከበዓሉ በኋላ አንቲሞስ ቤታቸው መጥቶ ጠየቀ። ሚናስ በሩ ላይ እንደቆመ ነው ያነጋገረው።

«እኛ ቤት ለትዳር የደረሰች አንዲት ናት፤ እሷም ታጭታለች።»

«ሁለተኛዋስ፣ አጎቴ?»

«ሁለተኛዋ ሥራ ላይ ናት።»

ይህን ሲል እውነቱን ነበር። ሴቫስቲ ከቤቱ ጀርባ ሽመናዋ ላይ ነበረች። መወርወሪያውን አቁማ አዳመጠች። አባቷ በሩን ሲዘጋ ሥራዋን ቀጠለች።

በሳምንቱ የማሩክላን የሠርግ ጫማ ልታመጣ ወደ አንቲሞስ ሱቅ ሄደች። ወሬ እንዳይነሣ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። ከበሩ ማዶ ሁለት ባልቴቶች ባቄላ ሲፈለፍሉ የዓመቱን ወሬ ለመልቀም ጆሯቸውን አቁመው ነበር።

«ዘፈንህ አባቴን አስቀየመው» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አንቺንስ?»

«ጫማው ደረሰ?»

«ጫማው ደርሷል። እኔ የጠየቅኩሽ ሌላ ነው።»

«አንቲሞስ፣ እኔ ምንም የለኝም።»

«እኔም ምንም የለኝም። እሱኑ እንካፈለዋ።»

ሳቀች። ባልቴቶቹ ባቄላ መፈልፈላቸውን አቆሙ።

«ከባሕር ማዶ፣ ፒሬየስ ከተማ፣ የአጎቴ ልጅ ጫማ ቤት አለው» አለ አንቲሞስ ጫማውን በጨርቅ እየጠቀለለ። «ና እያለኝ ነው። ወደቡ አጠገብ አንድ ክፍል አለች። እዚያ በኩር ነህ ታናሽ ነህ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ኪራይህን ከከፈልክ ሰው ነህ።»

«የማሩክላ ሠርግ የገና በዓል ሲያልፍ ነው። መጋረጃው አላለቀም። ኖራውን ማን ይቀባላታል?»

«ሌላ ሰው።»

«ሌላ ማን?»

አንቲሞስ የጫማውን ጥቅል ሰጣትና «መርከቡ ሐሙስ ሐሙስ ነው» አላት። «ወላጆችሽ ለዘር ሜዳ ሲወርዱ በዚያው ሳምንት እሄዳለሁ። ዲያፋኒ ወደቡ ላይ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ አልቀየምም።» ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና «እቀየማለሁ» አለ።

መስቀል አልፎ የገብስ ዘር ሲደርስ መላው መንደር አህያውን ጭኖ ወደ አቭሎና ሜዳ ወረደ። ሚናስና ሪጎፑላም ወረዱ። ማሩክላ በሌላው ዓመት ቤት ትቀር ነበር፤ ካናካራ አፈር አይነካትም። ያን ዓመት ግን «እኔም እሄዳለሁ» ብላ ድርቅ አለች።

«አንቺ ሜዳ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት እናቷ።

«አየሩ ይሻለኛል።»

«አየር! እዚህ ያለው ነፋስ አልበቃሽም?»

ከመሄዷ በፊት ማሩክላ አዲሱን የሠርግ ጫማዋን አምጥታ ሴቫስቲ እግር አጠገብ አስቀመጠችው። «ጠንካራ ነው፣ አላምጂልኝ» አለቻት። ይህ የተለመደ ነው፤ የታላቅን ጫማ ታናሽ ታላምዳለች። ሴቫስቲ አንሥታ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ጭቃ ሳይነካው ታላምደዋለች፣ ቤት ውስጥ፣ ቀስ ብላ።

እናቷ አህያው ላይ ሆና እንደ ወትሮው «ጣሪያውን አደራ» አለች።

የዚያ አገር ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ጭቃ። በየበጋው መጨረሻ አዲስ አፈር ይነሰነስበትና የመጀመሪያው ካፊያ ሲያርሰው በድንጋይ መዳመጫ ይዳመጣል። ደረቁን ቢዳምጡት አይያያዝም። ዘግይተው ቢደርሱ ውኃው ሰርጎ ቤት ይገባል። አፈሩን ሴቫስቲ ራሷ ተሸክማ አውጥታ ነስንሳዋለች። የቀረው መዳመጡ ነበር፤ እሱ ደግሞ ካፊያ ይጠብቃል።

ሐሙስ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አክስት ካሊሮኢ በሩ ደፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ዛሬ ነው አይደል?»

«ምኑ?»

«አትቀልጂብኝ። ቦቅቻሽን ጋጥ ውስጥ አይቼዋለሁ። ፍየሎቹም አይተውታል። አንዷማ ጫፉን ቀምሳዋለች።»

ሴቫስቲ ፊቷ ቀላ። ካሊሮኢ ከመቀነቷ ዳቦና የደረቀ አይብ አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«ለኔ የዘፈነልኝ ሰው የለም» አለች አሮጊቷ። «ቢዘፍንልኝ ኖሮ መርከብ አልጠብቅም ነበር፤ ዋኝቼ ነበር የምሄደው።»

«አክስቴ፣ ዝናብ ቢመጣስ?»

«ይምጣ።»

«ጣሪያው አልተዳመጠም። አንቺ መዳመጫውን መጎተት አትችይም።»

«አልችልም። ልጎትተውም አልፈልግም። ሴቫስቲ፣ ጭቃ ነው። ስሚኝ፣ ጭቃ ነው።»

ሴቫስቲ ሳመቻት። አሮጌ ጫማዋን አድርጋ ቦቅቻዋን አንጠልጥላ ቁልቁለቱን ያዘች። አዲሱ ጫማ መደርደሪያው ላይ ቀረ። የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ መሄድ ሌብነት መሰላት።

መንገዱ በጥድ ዛፎች መሐል ወደ ባሕር ይወርዳል። እኩሌታው ላይ ምንጭ አለ፤ ከምንጩ ቀጥሎ መንገዱ ሲታጠፍ ወደቡ ወለል ብሎ ይታያል። ሴቫስቲ እዚያ ስትደርስ ባሕሩ ላይ ጢስ አየች። መርከቡ ነው። ወደቡ ጥልቀት የለውም፤ መርከቡ ከሩቅ ይቆማል፣ መንገደኛውን ቀዛፊ በጀልባ ያደርሰዋል። ከታች፣ ጠጠሩ ላይ፣ አንድ ሰው ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ሳጥኑ የጫማ ሰፊ ሳጥን ነው። ከዚያ ከፍታ ሰውየው ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ግን የጀርባውን ጉብታ ለየችው።

እጇን ልታውለበልብለት ስትል አንገቷ ላይ ጠብ የሚል ነገር ተሰማት።

ዞር ብላ ወደ ላይ አየች። ተራራው አናት ላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል፤ ልክ መንደሩ ላይ።

ሴቫስቲ እዚያው ቆመች። የታያት የእህቷ ቤት ውስጡ ነበር። መደቡ ላይ የተነባበረው ጥልፍ አልጋ ልብስ፤ ቀዩን ክር ቀለም የነከረችው እሷ ናት፣ እጇ ወር ሙሉ ቀይ ሆኖ ከርሞ ነበር። ሦስት ክረምት የሸመነችው መጋረጃ። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ሳህኖች፤ እያንዳንዱን በየቅዳሜው እያወረደች ትወለውለዋለች። ውኃው በየት በኩል እንደሚገባ ታውቃለች። ከምሰሶው አጠገብ ይጀምራል፣ በግድግዳው ይወርዳል፣ መደቡን ያገኘዋል። ጭቃ ይዞ ነው የሚገባው። ጥልፍ ላይ ያረፈ የጣሪያ ጭቃ ታጥቦ አይለቅም።

ሮጣ ብትወጣ፣ ብትዳምጠው፣ ሮጣ ብትመለስ። መርከቡ ዕቃ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ይቆያል። አንዳንድ ጊዜ ይቆያል። እንዲህ አሰበች። ከዚያ ደግሞ አላሰበችም፤ እግሯ ዳገቱን ይዞ ነበር።

ቦቅቻዋን ምንጩ አጠገብ ጣለችው። መንደሩ ስትደርስ ካፊያው እያንጠባጠበ ነበር። መሰላሉን ወጥታ የመዳመጫውን ገመድ ትከሻዋ ላይ አጋደመች። ድንጋዩ ከባድ ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከምሰሶው በላይ ያለውን ጀመረች። ጎተተች፣ ዞረች፣ ጎተተች። አፈሩ ላይ ላዩን ብቻ ርሶ ነበር። ውስጡ ደረቅ ነው።

እኩሌታውን ሳትጨርስ ፀሐይ ወጣች።

ቀና ብላ አየች። ደመናው ተራራውን ለቆ ወደ ምዕራብ ባሕር እየሄደ ነበር። ካፊያው ቆሟል። ደረቅ ሆኖ የተዳመጠው አፈር ከኋላዋ እየተሰነጠቀ እንደ ዱቄት ተነሣ። የሠራችው ሁሉ እንደገና መሠራት ይኖርበታል።

ካሊሮኢ በዱላዋ እየተደገፈች መሰላሉ ሥር መጣች።

«አንቺ! እዚያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ጣሪያውን።»

«የማንን ጣሪያ?»

ሴቫስቲ አፏን ከፈተች። ከታች፣ ከባሕሩ በኩል፣ የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ገመዱን ከትከሻዋ ጣለችና መሰላሉን ሳትረግጥ ዘለለች።

ከምንጩ ቀጥሎ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ስትደርስ መርከቡ አፍንጫውን ወደ ክፍቱ ባሕር አዙሮ ነበር። አልቆመችም። ወደቡ ድረስ ሮጠች፣ ጠጠሩ ላይ ተንሸራታ በጉልበቷ ወደቀች፣ ተነሣች። ጀልባ ቀዛፊው ዘርቮስ ጀልባውን ወደ ዳር እየጎተተ ነበር። ቀና ብሎ አያት።

«ኧረ የኔ ልጅ!» አለ። «ኧረ የኔ ልጅ፣ የት ነበርሽ?»

«ሄደ?»

«ምን ያድርግ? ካፒቴኑ ነፋሱን ፈርቶ ቸኩሏል። ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋ፣ ሁለተኛ ነፋ። ልጁ ሳጥኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ‹ትመጣለች› ይለኛል። ‹ግባ ወንድሜ፣ ካልገባህ ሳጥኑን ብቻዬን አልቀዝፍ› አልኩት። ‹ጠመዝማዛው ላይ አይቻታለሁ፣ ቀሚሷን አውቀዋለሁ› አለኝ።»

ሴቫስቲ ጉልበቷን እየያዘች ቀና አለች።

«አየኝ?»

«አየሁ ነው ያለው። ‹ቆማ አየችኝና ተመለሰች› አለ። ከዚያ በኋላ እኔም ግባ አላልኩትም፣ ራሱ ተነሥቶ ገባ። እስከ መርከቡ ቀዘፍኩት፣ ዓይኑን ከዳገቱ አልነቀለም።» ዘርቮስ የጀልባውን ገመድ አሰረ። «ምን ሆነሽ ነው የተመለስሽው?»

«ዝናብ መጣ ብዬ።»

ሽማግሌው ሰማዩን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰቡ ከሜዳ ተመለሰ። ማሩክላ በሩን ከፍታ ስትገባ ሴቫስቲ ወለል እየጠረገች ነበር። ማሩክላ ባለችበት ደርቃ ቀረች። መጀመሪያ የሴቫስቲን ፊት፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጫማ አየች።

እናትና አባት ከአህያው ጭነት ሲያወርዱ ማሩክላ እህቷን በክንዷ ይዛ ወደ ኋላው ክፍል ጎተተቻት።

«ለምን እዚህ ነሽ?»

«የት ልሁን?»

«እኔን ነው? እኔን ነው የምትጠይቂኝ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ ሜዳ ምን ልሠራ የወረድኩ መሰለሽ? እማዬ ለሐሙስ ገበያ ልመለስ ስትል እግሬን አመመኝ ብዬ ያስቀረኋት ለማን መሰለሽ? ጫማውንስ ለመንገድሽ ካልሆነ ለምን የሰጠሁሽ መሰለሽ?»

«አላምጂልኝ አልሽኝ።»

«ሌላ ምን ልበል? እማዬ አጠገቤ ቆማ!»

ሴቫስቲ መጥረጊያውን እንደያዘች ነበር። «ካፊያ ጀመረ» አለች። «አልጋ ልብስሽ ላይ ይፈስ ነበር።»

«ይፍሰስ! ቢፈስስ ምን ይሆናል? ለአልጋ ልብስ ማን አለቀሰ?» ማሩክላ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ የሴቫስቲና የካሊሮኢ መደብ ላይ። እዚያ ተቀምጣ አታውቅም። ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። «የሚቀጥለው ሐሙስ ሂጂ። አባዬን እኔ እይዘዋለሁ። እግሩ ሥር እወድቃለሁ።»

ሴቫስቲ እህቷ አጠገብ ተቀምጣ ጀርባዋን አሻሸችላት። ማሩክላ ስታለቅስ ሁልጊዜ የምታባብላት እሷ ናት።

«የሚቀጥለው ሐሙስ መጋረጃው አይደርስም» አለች። «ከሠርግሽ በኋላ እሄዳለሁ።»

«ይጠብቅሻል?»

«ይጠብቃል።»

ማሩክላ ገና እንዳለፈ ተዳረች። መጋረጃው ደርሶ ነበር፤ ሰው ሁሉ አደነቀው። በዐቢይ ጾም ማርገዟ ታወቀና የመጀመሪያዎቹ ወራት ከበዷት፤ ዳቦ የምትጋግርላት፣ ውኃ የምትቀዳላት አስፈለገች። በትንሣኤ ከፒሬየስ የመጣ አንድ መርከበኛ አንቲሞስ የቤት አከራዩን ልጅ ማጨቱን ለዘርቮስ ነገረው። ዘርቮስ ለሴቫስቲ ለመንገር አንድ ሳምንት ፈጀበት። ስትሰማ ውኃ ተሸክማ ነበር። «ደግ ልጅ ናት?» አለችው። አላውቅም አላት። እንስራዋን አስተካክላ ዳገቱን ወጣች።

የገብስ ዘር ዳግመኛ ሲደርስ ማሩክላ ሴት ልጅ ወለደች። ሪጎፑላ ወርቁን ከሣጥን አውጥታ ጨቅላዋ ላይ አጋደመችው። በቀጣዮቹ ዓመታት ሁለት ሴቶች ተከተሉ። በኩሯ ቤቱን ወረሰች። ሁለቱን ታናናሾች ያሳደገቻቸው ሴቫስቲ ናት፤ ከኋላው ክፍል፣ ከእሷ ጋር ነበር የሚተኙት። አንዳቸውም አላገቡም።